በገመድ የታሰሩት ችካሎች

አንድ አሻጋሪ ነበረ። ክረምት ክረምት ሰው እየደገፈ ወንዝ ያሻግራል። የአባቶቹ ደንብ ግልጽ ነው፤ በየማለዳው አሻጋሪው መጀመሪያ ብቻውን ይገባል፣ ወለሉን በዘንግ እየዳበሰ ማዶ ደርሶ ይመለሳል፣ ሰው የሚያስከትለው ከዚያ በኋላ ነው። ጎርፍ ባደረ ቁጥር ወለሉ ይለዋወጣልና።

ሰውየው ይህ ዳበሳ ሰለቸው። በጋውን ሙሉ ሲለካ ከርሞ ጥልቀት የሌለውን መስመር አገኘና ከዳር እስከ ዳር አርባ ችካል ተከለበት። ጎርፍ አንዱን ነጥሎ እንዳይወስድበት ሁሉንም እርስ በርስ በገመድ አሰራቸው። በሥራው ኮራ፤ አይፈረድበትም።

ነሐሴ ላይ፣ ማዶ የተዳረች ልጁን ምጥ እንደጠናባት የማዶ ሰዎች ተጣርተው ነገሩት። አዋላጇን ይዞ ወረደ። ጭጋጉ የገዛ እጅን እንኳ አያሳይም።

«መጀመሪያ ብቻህን ገብተህ እየው እንጂ» አለችው አዋላጇ።

«ልጄ እየሞተችብኝ ዘንግ ልጎትት? ችካሎቹ አሉ አይደል!»

ችካል እየጨበጡ ገቡ። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ሁሉም ቆመዋል፣ ርቀታቸውም ልክ ነው። ግን ከማዶ የሚጣሩት ሰዎች ድምፅ ፊት ለፊት መሆኑ ቀርቶ ከቀኝ፣ ቆይቶም ከኋላ ይመጣ ጀመር።

«ኧረ ድምፁ ከወዲያ ነው!» አለች አዋላጇ።

«መንገዱ በዚህ ነው» አለ።

የሚቀጥለውን ችካል ሲጨብጥ፣ ችካሉ እንደ ሰው ክንድ እጁ ውስጥ ተላወሰ። እግሩን ሰደደ፤ ወለል የለም። ጎርፉ ችካሎቹን ከነገመዳቸው ነቅሎ፣ ሰልፋቸውን ሳያፈርስ ወደ ጥልቁ አዙሮ ደለል ላይ አቁሟቸዋል። በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። ገመዱን በጩቤ በጠሰ፤ ችካሉን ነቅሎ ዘንግ አደረገውና አዋላጇን አስከትሎ ወለሉን እየዳበሰ ወደ ድምፁ ተመለሰ።

ሲደርሱ ረፍዷል። ልጁ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን ማኅፀን ውስጥ ሞቶ ነበር። «ከጅምሩ ዳብሰን ብንመጣ ኖሮ እንደርስ ነበር» አለች አዋላጇ።

አስናቀ ልጄ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሆንክና «የዐሥር ዓመት ዕቅዴን ሳላዛንፍ ብይዘው ምን ክፋት አለው?» አልከኝ። ዕቅድህ ያ ሰው የተከለው ችካል ነው። ትከለው፤ ያለ እሱማ ጭጋግ ውስጥ አይገባም። ግን የምትሄደው ችካሉ ጋ ሳይሆን ምጥ የጠናባት ልጅ ጋ ነው። ሁሉን አንድ ላይ አጥብቀህ ካሰርከው፣ ሲስትም አንድ ላይ ይስታል፤ ሲያዩት ደግሞ ምንም የተበላሸ ነገር አይታይም። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ስለዚህ በየጊዜው እግርህን ስደድ።

ያ ሰው በኋላ ጎበዝ አሻጋሪ ሆነ ይላሉ። ለሕፃኑ ምን ይረባዋል?