የተደፈኑት መስኮቶች

አንድ ማናዬ የሚባል የመድኃኒት ነጋዴ በቆላ ከተማ ይኖር ነበር። ሥራውን አሳምሮ ያውቃል፤ ሰው ማመን ግን አልሆነለትም። የመጋዘኑ ቁልፍ በእሱና በመጋዘን ሠራተኛው በእንድሪስ እጅ ብቻ ነበር። እንድሪስ በሠራባቸው አሥራ ስምንት ዓመታት አንዲት ብልቃጥ እንኳ ጎድላ አታውቅም። ማናዬ ግን ይህን የሚያየው እንደ ታማኝነት ሳይሆን እንደ ብልጠት ነበር።

አንድ በጋ ላይ ማናዬ ግንበኛ አምጥቶ የመጋዘኑን ሁለት መስኮቶች በብሎኬት አስደፈናቸው።

«ጋሼ፣ ቤቱ ቆርቆሮ ነው። አየር ካጣ ይግላል» አለው እንድሪስ።

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል! አንተን የቸገረህ አየሩ ነው ወይስ መውጫው?»

እንድሪስ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከወራት በኋላ ከዚያ መጋዘን የወጣውን ክኒን የዋጡ ሕሙማን ጭራሽ ባሰባቸው። ማናዬ የሚጠረጥረው ሰው ለማግኘት አልተቸገረም። «መርዝ ጨምሮበት ነው» ብሎ እንድሪስን ከሰሰውና አሳሰረው። ምንም የማያውቁት ልጆቹም በሰፈሩ «የመርዘኛው ልጆች» ተባሉ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያመኛል።

ክኒኑ አልጋነሽ ለምትባል የመድኃኒት መርማሪ ተላከ። እሷም በክኒኑ ውስጥ ከመድኃኒቱ ሌላ እንግዳ ነገር አገኘች።

ውጤቱን ሊሰማ ቢሮዋ የመጣው ማናዬ ከመቀመጫው ተነሣ። «አላልኩም? ባዕድ ነገር አለበት ብለሽ ጻፊልኝ፣ በቃ!»

«ይታገሡ። እንግዳ መገኘቱ ብቻ አይበቃም፤ የማን ልጅ እንደሆነ መጠየቅ አለበት» አለችው።

አልጋነሽ ለዓይን የማይታይ ቅንጣት የሚመዝን መሣሪያ ነበራት። መሣሪያው ቅንጣቱን ይመዝናል፤ ከዚያም ይሰብረውና ስብርባሪውን አንድ በአንድ ይመዝናል። የጤነኛውን መድኃኒትና የእንግዳውን ስብርባሪ ጎን ለጎን ብታስተያይ፣ አብዛኛው አንድ ሆኖ አገኘችው። እንግዳው ከመድኃኒቱ የሚቀልለው ልክ በአንዲት የውኃ ቅንጣት ክብደት ነው። በዚህ ብቻ አልረካችም። ጤነኛ ክኒን ወስዳ በጋለ ምድጃ ውስጥ ለቀናት አቆየች። ያው እንግዳ እዚያም ተወለደ። ማናዬንም መልሳ አስጠራችው።

«አቶ ማናዬ፣ ይህን ከውጭ ያመጣው ሰው የለም። ራሱ መድኃኒቱ ነው፤ ሙቀት ውኃውን ነጥቆት ተለውጦ ነው። ለመሆኑ የት ነበር ያስቀመጡት?»

ማናዬ ያስደፈናቸው መስኮቶች ትዝ አሉት።

የቀረው ክኒን ተሰብስቦ ተወገደ። እንድሪስም ተፈታ። በዚያው ቀን ማናዬ ቤቱ ድረስ ሄዶ «በድዬሃለሁ። ቁልፉን እንካ፣ ወደ ሥራህ ተመለስ» አለው።

እንድሪስ እጁን አልዘረጋም። «ይቅርታውን ልጆቼን ይጠይቋቸው ጋሼ። ቁልፉም ይቆይ። ለመጋዘኑ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መዶሻ ነው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይሁን እንጂ ታግሶ የሚመዝን ሰው ባይገኝ ኖሮ ለእንድሪስ ሳይነጋለት ይቀር ነበር። በቤታችን የተበላሸ ነገር ስናገኝ «ማን ምን ጨመረበት?» ብለን እንጮኻለን፤ «ምን አጥቶ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ትዳርም ሆነ ወዳጅነት በጥርጣሬ ታፍኖ ሲከፋ፣ መርዙ ከውጭ የመጣ ይመስለናል።

አንባቢ ሆይ፣ ሌባ ይወጣበታል ብለህ ያስደፈንከው መስኮት የትኛው ነው?