ግርዶሽ የመጣበት ቀንና የተቆለፈው ሳጥን

በአንድ ወቅት በአንዲት የወረዳ ከተማ ለመምህራን በነጻ የተላከ ሳጥን ነበር። በውስጡ የፕላኔቶች ሞዴል፣ ማስተማሪያ መጽሐፍና ግርዶሽ የሚታይባቸው አርባ መነጽሮች ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ምን አደረገው? ቆለፈበት! ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከነፕላስቲኩ ይመለሳል። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። ሥራቸው ያስጠላል።

ሳጥኑን ያስመጣችው መምህርት የሻረግ ናት። አስራ ሦስት ደብዳቤ ጽፋ፣ ከመናኸሪያ በትከሻዋ ተሸክማ አመጣችው። ሲቆለፍ ግን ትንፍሽ አላለችም። «ማምጣት የእኔ፣ ማስቀመጥ የእነሱ» ብላ ተቀመጠች።

የፀሐይ ግርዶሽ ቀን ደረሰ። ዳይሬክተሩ፣ «ልጆቹን አስገቡ፣ መስኮት ዝጉ! ዓይናቸው ቢጠፋ ማን ሊጠየቅ ነው?» አለ። መነጽሮቹ እኮ እዚያው ግቢ ውስጥ ናቸው!

መምህር ደምመላሽ ይሄኔ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰበረ። አርባ ተማሪዎቹን ይዞ ሜዳ ወጣ። ልጆቹ ጨረቃ ፀሐይን ስትሸፍን አይተው በደስታ ጮኹ። ከተዘጋው መስኮት ጀርባ የቀሩት ስድስት መቶ ልጆች ጩኸቱን ብቻ ሰሙ። መነጽሩን ለምን እንዳላዞረ ሲጠየቅ፣ «የእኔዎቹ ሳይጠግቡ?» አለ። እሱም አስጠላኝ።

የሳጥኑ ቁልፍ ያዥ መምህር ጉዲና ነበር። ፕላስቲኩን መልሶ የሚያለብሰው፣ በዚያን ቀንም መስኮቱን የዘጋው እሱ ነው። ግን ሰውየው ማስተማሪያ መጽሐፉን ማታ ማታ ወደ አማርኛ መልሶ፣ በእጁ እየገለበጠ ለሰባት የገጠር ትምህርት ቤቶች ልኮ ኖሯል። የእነዚያ ትምህርት ቤቶች ልጆች መጽሐፉ እንዳሳያቸው ካርቶን በመርፌ በስተው፣ ለፀሐይ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጎደሎዋን ፀሐይ መሬት ላይ አዩዋት። የራሱ ተማሪዎች ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

አሁን ላኪዎቹ ሁለተኛ ሳጥን፣ ከነቴሌስኮፑ፣ ሊልኩ ነው። ለትምህርት ቤቱ ሳይሆን ለአንድ መምህር፣ በስሙ። ሦስቱም ይገባኛል ብለዋል።

መምህራኑ ሲጨቃጨቁ፣ መስኮት ከተዘጋባቸው ልጆች አንዷ ዘርትሁን በር ላይ ቆማ ሰማች። «ሌላ ግርዶሽ እስኪመጣ እኮ እኔ ትምህርት እጨርሳለሁ» አለቻቸው። እነሱ ወደ ጭቅጭቃቸው ተመለሱ።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ። ያመጣችው ዝም አለች፤ የሰበረው ለራሱ ልጆች ብቻ አሳየ፤ ለሩቅ ልጆች የደረሰው በራሱ ልጆች ላይ ዘጋ። ዘርትሁን ትምህርት ሳትጨርስ በቴሌስኮፑ ሰማዩን እንድታይ፣ በሳጥኑ ላይ የማን ስም ይጻፍ?