ጃንሆይ፣ ምነው ከሱ?

በዚያ አገር ሁሉም ነገር ተራ ነበረው። ወንዝ ሲወረድ መጀመሪያ አንበሳ ይጠጣል፣ ከዚያ ነብር፣ ከዚያ ጅብ፣ እያለ እያለ ይወርድና አህያ ጋ ሲደርስ ውሃው ጭቃ ይሆናል። አህያ ጭቃውን ጠጥታ፣ አመስግና ትመለሳለች። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚጠይቅም አልነበረም።

ከሥርዓቱ ሁሉ የሚከብደው የሣር መክፈቻ ነው። ከመንደሮቹ በላይ አንድ ተራራ አለ፤ አናቱ ሜዳ ነው፤ ሜዳው የክረምቱን ዝናብ ይዞ በጋውን ሙሉ እንደለመለመ ይከርማል። የታቹ ሣር ጥር ላይ ያልቃል። ታዲያ ንጉሡ በጥር አቀበቱን በገዛ እግሩ ወጥቶ የሜዳውን ሣር ሳይረግጥ ማንም ሣር በል እዚያ ድርሽ አይልም። ንጉሡ ሲረግጥ «ተከፈተ!» ተብሎ ይለፈፋል፣ ያን ጊዜ መንጋው ሆ ብሎ ይወጣል። አንበሳ ሣር አይበላም፤ ሣሩን የሚከፍተው ግን እሱ ነው። እንግዲህ ምን ይደረግ!

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ይኼኛው እንኳ ደግ ልማድ ነው። ሁለት እንስሳት መንገድ ላይ ሲገናኙ ደህንነት ከተጠያየቁ በኋላ «ምነው ከሳህ?» «ምነው ከሳሽ?» ይባባላሉ። የከሳም ይባላል፣ የወፈረም ይባላል። ጉማሬ ሳይቀር ይባላል። «ናፍቀኸኛል፣ አስቤልህ ነበር» ለማለት ነው እንጂ የማንንም ጎን አይቶ የሚናገር የለም። የተባለውም «ኧረ ሐሳብ ነው» ብሎ ያልፋል።

ጃንሆይ ግን እውነት እውነቱን ወፈሩ። ቢትወደድ ጅቦ፣ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቀው፣ «ጃንሆይ ለምን ይደክማሉ?» እያለ ግዳዩን እስከ ዋሻው ያስመጣላቸው ነበር። ቁጭ ብለው ይበላሉ፣ ተኝተው ያድራሉ። ባለፈው ጥር ተራራው ሥር ደረሱና ሽቅብ አይተው «ደመና አለ» ብለው ተመለሱ። ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነበር! በዚያ በጋ ስንቱ ጥጃ፣ ስንቱ ግልገል አለቀ። ዳምጤና ብርቄ የሚባሉ ባልና ሚስት አህዮችም የመጀመሪያ ውርንጭላቸውን በዚያ በጋ ቀበሩ። ብርቄ ጡቷ ደርቆ፣ ልጅቷ ባዶውን ጡት እየጎተተች ሞተች። ከታች ሆነው ቀና ሲሉ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ይታያቸው ነበር።

ዘንድሮ ብርቄ እንደገና አርግዛለች። የዳምጤ ጭንቀት ሁሉ ይኼ ነው፤ ጥር ሲመጣ ሜዳው ይከፈት ይሆን?

ሐኪሟ እመት ጦጣ ከሰው አገር አንድ ነገር ይዛ የመጣችው ያን ሰሞን ነው። ዝንጀሮዎች የአንበሳ ክብደት እንዲችል በብረት ጠጋግነውታል። ሸንጎው መሐል አቆመችና እንዲህ አለች፦

«ጃንሆይ፣ ይኼ ብስክሌት ይባላል። ኤሌክትሪክ ነው። ፔዳሉን እርስዎ ይረግጣሉ፣ ሞተሩ ደግሞ ያግዝዎታል። እዚህ መሪው ላይ የእገዛው ቁልፍ አለ፤ ብዙ፣ መጠነኛ፣ ትንሽ ይላል። ጉልበትዎ እንዳይጎዳ በብዙው ይጀምሩ። እየጠነከሩ ሲሄዱ ወደ መጠነኛው፣ ከዚያ ወደ ትንሹ ይውረዱ። አጎቴ ከእርስዎ የባሰ ነበር፤ እንዲህ አድርጎ ዛሬ ከገደል ገደል ይዘላል። ታዲያ አደራ፣ ብስክሌቱ ብቻውን አያከሳም። የሚያከሳው እገዛውን እየቀነሱ መሄድ ነው።»

ጃንሆይ ከዚህ ሁሉ ንግግር «ያግዝዎታል» የምትለዋን ብቻ ሰሙ። በጣም ወደዷት።

ቢትወደድ ጅቦ ባትሪው በምን እንደሚሞላ ጠየቀ። እመት ጦጣ ወንዝ ዳር ግንድ ተክላ፣ ግንዱን እየዞረ የሚገፋ እንስሳ ካለ ከግንዱ ጋር የሚያያዘው ዲናሞ ባትሪውን እንደሚሞላው አስረዳች። ማን ይዙር ሲባል ነብር ጥፍሩን አየ፣ ከርከሮ መሬቱን አየ።

«እኔ እዞራለሁ» አለች ብርቄ።

ዳምጤ ጆሮው ቀጥ አለ። «አብደሻል? ሆድሽ እንዲህ ሆኖ?»

«እሳቸው ካልከሱ ሜዳው አይከፈትም፣ ዳምጤ። ሜዳው ካልተከፈተ ይቺን በምን አጠባታለሁ? ያቺኛዋን ረሳሃት እንዴ?»

«አልረሳኋትም።»

«እንግዲያው ተወኝ።»

ቢትወደድ ጅቦ በጣም ደስ አለው። «እሰይ የኔ ልጅ! ታዲያ ይኼ ሥራ አይደለም፣ እገዛ ነው» አለ። ሥራ ቢሆን ኖሮ እረፍትም ድርቆሽም ይኖረው ነበር። እገዛ ስለሆነ ምስጋና ብቻ ተሰጣት፤ ምስጋናውም በጭብጨባ ነበር።

ጃንሆይ ብስክሌት ጀመሩ። መጀመሪያ ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ፣ በማግስቱ የጉንዳን ቤት ላይ ወጡ፣ ከዚያ ለመዱት። ለነገሩ ምን ይለመዳል? እግራቸውን ፔዳሉ ላይ ጣል ሲያደርጉት ሞተሩ ይወስዳቸዋል። ከዋሻው ወጥተው ተራውን እንስሳ ያዩት በስንት ዘመናቸው ነው። አንዲት አሮጊት ድኩላ መንገድ ዳር ቆማ ንጉሡ ድንገት ፊቷ ሲደርሱ ምን እንደምትል ጠፋት። እጅ ከነሣች በኋላ እንደ ጎረቤቷ እንደ ጓደኛዋ አድርጋ፣ በፍቅር፣ «ጃንሆይ፣ ምነው ከሱ?» አለቻቸው።

ጃንሆይ ፍሬን ያዙ። «ከሳሁ?»

«ኧረ በጣም!» አለች ድኩላ። እንግዲህ ምን ትበል?

«ሰማህ ጅቦ? ገና ከመጀመሬ!»

ከዚያ ወዲያ ጃንሆይ የሚጋልቡት ይህችን ቃል ለመስማት ሆነ። በየመንደሩ ይዞራሉ፣ በየመንደሩ «ምነው ከሱ!» ይባላሉ። ማንም አልዋሸም፤ ሁሉም ሰላምታ ነበር የሚሰጠው። እሳቸው ግን እንደ ሚዛን ተቀበሉት። ወደ ዋሻው ሲመለሱ «ዛሬማ ደክሜአለሁ፣ ይጨመርልኝ» እያሉ ከወትሮው እጥፍ ይበላሉ። የእገዛው ቁልፍም ከብዙው ላይ ወይ ፍንክች! ብዙ ስለሚዞሩ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ባትሪው ቶሎ ሲያልቅ ብርቄ ቶሎ ቶሎ ትዞራለች።

ዳምጤ ሥራው ለጃንሆይ ሥጋ ማመላለስ ነው። ማታ ማታ ሲገናኙ እንደ አገሩ ልማድ «ምነው ከሳሽ የኔ እመቤት?» ይላታል፣ እሷም «ሐሳብ ነው» ትለዋለች። ጎን ለጎን ይተኛሉ።

አንድ ቀን ከግንዱ ሊፈታት ሲጎነበስ አፍንጫው የጎኗን አጥንት ነካ። አንዱን ነካ፣ ቀጥሎ ያለውን ነካ፣ ሥጋ የሚባል አጣ። ሆዷ ብቻ ወጣ ብሎ ቀርቷል። ዳምጤ እየሮጠ ሄዶ እመት ጦጣን ይዟት መጣ። ሐኪሟ ዳሰሰቻትና «ከስታለች፣ ዳምጤ። በጣም ከስታለች። እንዴት አላየህም?» አለችው።

«እላታለሁ እኮ!» አለ። እንባው መጣ። «ማታ ማታ ከሳሽ እላታለሁ እኮ! ስላት ነበር፤ አላየኋትም እንጂ።»

እኔን ይብላኝ ለሱ! ከዚህ የሚብስ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ቢትወደድ ጅቦ ጋ ሄዶ «እኔ ልተካት» ብሎ ለመነ። ጅቦ «ሥጋውን ማን ሊያመላልስልህ ነው? ጃንሆይ አሁን እንቅስቃሴ ላይ ናቸው፣ ብዙ ይበላሉ» አለው። እሷን ሲለምናት ደግሞ «ጥር እኮ ደረሰ፣ ትንሽ ናት የቀረችው። እሳቸውም ከስተዋል አሉ፣ አገሩ ሁሉ እያወራ ነው» አለችው። እሷም ወሬውን አምናው ነበር።

ሸንጎ ተጠራ። እመት ጦጣ ተነሥታ ቁልፉ ዛሬም ብዙው ላይ መሆኑን፣ በዚህ ዓይነት አቀበቱ እንደማይወጣ ተናገረች። ጃንሆይ አዘኑ፤ ከልባቸው ነው ያዘኑት። «መንገድ ላይ የማገኘው ሁሉ ከሱ ይለኛል። ሕዝቤ ይዋሸኛል ማለትሽ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ማን ይመልስ? «ሰላምታ ነበር» ያለ እንደሆነ አገር ሙሉ ውሸታም ሊባል ነው፤ ንጉሡም ሊያፍሩ ነው። ይሉኝታ ሁሉንም አፍ አፋቸውን ያዛቸው። ድኩላዋ ከእንስሳው ሁሉ ኋላ ተደበቀች።

ዳምጤ ወደ መሐል ወጣ። አህያ በሸንጎ ተናግሮ አያውቅም።

«ጃንሆይ፣ ብርቄ ከስታለች።»

ጃንሆይ ፊታቸው ፈካ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ እኔም ናፍቃኛለች በልልኝ። ደህና ናት?»

«አይደለም ጃንሆይ፣ ማለቴ… ከስታለች።»

«አዎ፣ አዎ፣ ሐሳብ ነው።»

ሸንጎው በፍቅር ሳቀ። ዳምጤ ሌላ ቃል ፈለገ፤ በዚያ አገር ለመክሳት ሌላ ቃል አልነበረም። ወደ ቦታው ተመለሰ።

የሣር መክፈቻው ቀን ደረሰ። ቢትወደድ ጅቦ ፔዳልም የሚረገጠው በእግር ስለሆነ ጃንሆይ በብስክሌት ቢወጡ «በገዛ እግሩ» የሚለው ሥርዓት እንደማይፈርስ አስረዳ፤ ሁሉም ልክ ነው አለ። ብርቄ ዋዜማውን ስትዞር ውላ ጀንበር ስትጠልቅ ወድቃ ነበር፤ ባትሪው ገና ግማሽ ነው። ባትሪውን የሚጠብቀው ዝንጀሮ ይህን ለመናገር ፈርቶ ባትሪውን እንደዚያው ነቅሎ ወሰደው። ዳምጤ ለበዓሉ የሚሆን ሥጋ ጭኖ ወደ ተራራው የተላከው በዚያው ማታ ነውና ምንም አልሰማም።

ጃንሆይ አቀበቱን ጀመሩ። መንጋው በረሃብ አንጀቱ ታጥፎ፣ ግን እየዘፈነ ይከተላቸዋል። ወገቡ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ አቃሰተና ጸጥ አለ። ጃንሆይ ፔዳሉን ረገጡ። አልሄደም። እንደገና ረገጡ። ያን ሁሉ ወር አንድ ቀን እንኳ በራሳቸው ጉልበት ረግጠው አያውቁም። ብስክሌቱ ወደ ጎን ዘመመ፣ እሳቸውም ቀስ ብለው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ሥጋ ተሸክሞ ከኋላ የቆመው ዳምጤ የሞተሩን ዝምታ ሲሰማ ብርቄን አሰበ። ብርቄ ባትሪውን ሳትሞላ ቀርታ አታውቅም። ጭነቱን ጥሎ ቁልቁል በረረ።

ቢትወደድ ጅቦ ግን ንጉሡ አጠገብ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «የተራራው ጫፍ ማለት ንጉሥ የደረሰበት ነው» አለ። «ስለዚህ ጫፉ ይኼ ነው። ከዚህ በላይ ያለው ከንጉሥ በላይ ነው፤ ከንጉሥ በላይ መውጣት ደግሞ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ተከፈተ!»

መንጋው ዙሪያውን አየ። ድንጋይና እሾህ ነው። ቀና ሲሉ ሜዳው አለ፣ አረንጓዴ ነው፣ ነፋስ ያወዛውዘዋል። አንዱ በቀስታ «ተከፈተ» አለ። ሌላውም አለ። በመጨረሻ ሁሉም «ተከፈተ!» ብለው ጮኹና አንገታቸውን ደፍተው ድንጋዩን መላስ ጀመሩ።

ጩኸቱ ዳምጤን ወንዝ ዳር ደረሰበት። ብርቄ ከግንዱ ሥር ተኝታለች። ዓይኗን ገለጠች።

«ዳምጤ፣ ምንድን ነው የሚሉት?»

«ተከፈተ እያሉ ነው! ተከፈተ፣ የኔ እመቤት!»

«እሰይ» አለች። ቀጥላም «አንድ ጉንጭ ሣር አምጣልኝ» አለችው።

ዳምጤ ሽቅብ ሮጠ። ድንጋይ የሚልሰውን መንጋ አለፈው፤ ለምን እዚያ እንደቆሙ አልገባውም። ንጉሡን አለፋቸው። ቢትወደድ ጅቦ «ኧረ ያዙት!» ሲል አልሰማም። የተነገረውን አዋጅ አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው ተከፍቷል። ሜዳው ላይ ወጣ፣ ከለመለመው ነጨ፣ አንዲት ቅጠል ሳይውጥ ጉንጩን ሞልቶ ተመለሰ። ሲወርድ ሁሉም አዩት። አፉ አረንጓዴ ነበር።

«ማነው እሱ?» አሉ ጃንሆይ።

«ያበደ አህያ ነው ጃንሆይ» አለ ቢትወደድ ጅቦ።

ሣሩን አፏ አጠገብ አኖረላት። በአፍንጫው ገፋ አደረገላት። «ብርቄ፣ ይኸው። ብርቄ።» ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ጥቂት ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ እሱም ተወ።

ሲመሽ መንጋው ለልቅሶ መጣ። ከተራራው የወረዱት እንደራባቸው ነው። ክብ ሠርተው ቆሙ፤ እግራቸው ሥር ብርቄ ስትዞር ያበጀችው መንገድ እንደ ቦይ ጎድጉዷል። ሣሩ በሟቿ አፍ አጠገብ ነበር፤ ሁሉም እያየው፣ ማንም አልነካውም። ብዙ ከቆዩ በኋላ አሮጊቷ ድኩላ ወደ ዳምጤ ጠጋ ብላ፣ ሌላ እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ሜዳው ሩቅ ነው?»

ዳምጤ ቀና ብሎ ተራራውን፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጎደጎደውን መንገድ አየ።

«አይደለም» አላት። «ብርቄ እንኳ ትደርስ ነበር።»