ነቅሎ ያልጣለው ገበሬ

የደርብ መርዶ በደረሰ ዕለት ወንድሙ ሞላ ከድንኳኑ ውጭ ቆሞ አለቀሰ እንጂ አልገባም። ለቅሶው ጋብ ሲል የደርብ ልጅ ትርንጎ እናቷን እንጉዳይን ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ አባዬና አጎቴ በሽማግሌ ፊት ተሳስመው ታርቀው አልነበር? ታዲያ ምን ሆነው ነው ሳይነጋገሩ የተለያዩት?»

እንጉዳይ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች እንዲህ አለቻት።

«አንድ ገበሬ ነበረ። ከማሳው አጠገብ አሮጌ ባትሪ እየሰበሩ እርሳስ የሚያቀልጡ ሰዎች ከርመው ሄዱ፤ መርዙ ግን አፈሩ ውስጥ ቀረ። የግብርና ባለሙያ መጣና ‹ጎመን ዘር ዝራበት። ሥሩ መርዙን ከአፈር እየሳበ ወደ ቅጠሉ ያወጣዋል። ሲያድግ ከነሥሩ ነቅለህ እዚህ በሲሚንቶ በለሰንነው ጉድጓድ ክተተው፤ ሰውም ከብትም እንዳይቀምሰው። እየደጋገምህ ስትዘራ መሬትህ ይድናል› አለው።

ዘራ፤ የሚያምር ጎመን ዘር በቀለ። ነቅሎ ተሸክሞ ወደ ጉድጓዱ ሲያልፍ፣ በጋ ነበርና ላሚቱ አጥንቷ ገጥጦ ከበረት አየችው። ሚስቱም ከደጅ ሆና ‹አንተ ሰውዬ፣ ጉድጓዱን አብልተህ ልታልበው ነው?› አለችው። ሳቀ። ‹አንድ ሸክም ምን ያደርጋታል› ብሎ አወረደላት። በማግስቱም አወረደላት፤ ከዚያማ ለመደ። እበቷንም እንደ ወትሮው ማሳው ላይ በተነው።

ብዙም ሳይቆይ የላሚቱ ዓይን ጠፋ። ግድግዳ እየገፋች ስትዞር ሰንብታ ወደቀች። ባለሙያው ተመልሶ አፈሩን ቢመረምር፣ መርዙ እንደ ጥንቱ ነው።

‹ምነው ወንድሜ፣ ያወጣኸውን እኮ መልሰህ ዘራኸው!›

ገበሬው ባዶው በረት ፊት ተቀምጦ ‹መንቀሉስ አልከበደኝም ነበር፤ መጣሉ አሳሳኝ እንጂ› አለ።

ልጄ፣ ሽማግሌዎቹም ቂሙን ከሁለቱ ልብ ነቅለውት ነበር። አባትሽ ግን ቤት ሲገባ ‹እንዲህ እኮ አድርጎኝ ነበር› እያለ ለእናንተ ያወራ ነበር፤ አጎትሽም ለልጆቹ እንዲሁ። የእርቁ ዕለት ያወጡትን እያነሡ መልሰው ዘሩት። ክፉዎች ሆነው አይደለም። መጣሉ አሳሳቸው።»

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ለደርብ ነፍስ ጸልዩለት። ስሙን ስታነሡ ግን፣ እባካችሁ፣ ጠቡን አታንሡበት።