የአንገት ጥንዚዛና የምድር ጥንዚዛ

አንድ ጊዜ፣ ዓባይ ግብፅ ደርሶ በሚንጣለልበት አገር፣ በክታብ ሠሪዎች ግቢ አንዲት አሮጊት አህያ ነበረች። ሰዎቹ አሸዋ ፈጭተው፣ ለውሰው፣ በእሳት ጠብሰው የጥንዚዛ ቅርጽ ያለው ሰማያዊ ክታብ ይሠራሉ። አሸዋውን ዕድሜ ልኳን ያመላለሰችው እሷ ናት። የሰው ነገር፣ ስታረጅ ገለባ እንኳ ነፈጓት። ከአጥሩ ውጭ ለምለም ሣር አለ፤ ጅብም አለ። ምስኪን፣ ሣሩን በዓይኗ ብቻ ትግጥ ነበር።

ቀበሮ ይህን አየችና ከጥራጊ ላይ የተሰነጠቀ ክታብ አንሥታ መጣች።

«እሜቴ አህያ፣ ይህን አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉ። ጅብ አይደፍርዎትም።»

«እውነትሽን ነው?»

«ሰዎቹ ሞኝ ናቸው እንዴ፣ ለሙታናቸው ሳይቀር የሚያደርጉላቸው?»

አህያ አመነች። ደረቷን ነፍታ ስትወጣ አንዲት ጥንዚዛ የፋንድያ ኳስ ስታንከባልል መንገድ ላይ አገኘች። «ዞር በይ፣ አንቺ ቆሻሻ» ብላ ኳሱን ረግጣው አለፈች።

ቀበሮ ወደ ጅብ ሮጠች። «አያ ጅቦ፣ አህያዋን አውጥቼልሃለሁ። ነፋሱ ዱካዋን ቢያጠፋውም ፋንድያዋን ተከተል። ጉበቷ ግን የኔ ነው።»

ጅብ ምራቁን እየዋጠ ተነሣ፤ ቀበሮም ከኋላው። በሩ ላይ አንድ ፋንድያ አገኘ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ዞረ፣ ተመለሰ፣ መሬቱን አሸተተ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ረሃቡ ጠናበትና ወደ ቀበሮ ዞረ።

«ጉበት ጉበት ስትይ የራስሽን ኖሯል እንዴ?» አላት። ቀበሮ እግሬ አውጪኝ አለች፤ እሱም ተከተላት።

አህያ ጅቡን ከሩቅ ስታይ ወንዙ ዳር ካለ ሸምበቆ ውስጥ ተደብቃ ነበር። ጅቡ ሲርቅ ክታቧን ሳመች። «አንቺ ነሽ ያተረፍሽኝ» አለቻት።

«ማንን ነው የምታናግሪው?» አለች ጥንዚዛዋ ከእግሯ ሥር። «እኔን ትመስላለች። እኔ ግን እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም።»

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እኔና ዘመዶቼ ፋንድያሽን እየተከተልን ለልጆቻችን ስንቀብር ዋልን። ከበሩ ወዲህ አንድም አላስቀረንም።»

የአህያ ጆሮዎች ወደቁ። ጅቡ መሬቱን እያሸተተ መንገድ የጠፋበት ለምን እንደሆነ ገባት።

«ጠዋት የረገጥኩትስ የልጆችሽ ቀለብ ነበር?»

«ነበር። ምን ይደረግ፣ ሌላ አንከባለልኩ።»

አህያ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ መሬቱን ሳታይ እግሯን አሳርፋ አታውቅም።

ከዚህ የምንማረው፣ አምሮ በአንገታችን ለተንጠለጠለው ምስጋና ከማቅረባችን በፊት፣ ከእግራችን ሥር ሆኖ የሚደክምልንን ረግጠነው እንዳይሆን ጎንበስ ብለን ማየት እንዳለብን ነው።