የአህያዋ ጆሮና አራቱ ቦዮች

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ ለአራት አራዊት አንዲት ምንጭ ብቻ ተረፈች። ውሃዋ ለአራት ብትከፋፈል የማንንም ጉሮሮ አታርስም። ስለዚህ አራት ቦይ ተቆፈረና ውሃው በሙሉ በየተራ ለአንዱ ብቻ እንዲሄድ ተወሰነ። ቦዩን የምትከፍተው ጦጣ ታች ገደል ሥር ስለምትውል ድምፅ አይደርሳትም፤ ተረኛውን የምታሳያት አህያ ናት፣ ከጉብታው ላይ በጆሮዋ። ቀኙ ብቻ ሲቆም ለቀበሮ፣ ግራው ብቻ ሲቆም ለሚዳቋ፣ ሁለቱም ሲቆሙ ለጅብ ይከፈታል። ሁለቱም ሲተኙ ለአንበሳ ነው፤ ንጉሥ ነውና አህያዋ ስታንቀላፋም ይጠጣል።

ጅቡ ይህን ሲያሰላ ውሎ ደረቱን ነፋ።

«ለሌላው አንድ፣ ለእኔ ሁለት! እንግዲያው ሁለቱም ጆሮዎች የእኔ ናቸው» አላት ቀበሮን።

«ወይ አያ ጅቦ፣ ይሄ እንዴት እስከ ዛሬ ሳይገባኝ ቀረ!» አለች ቀበሮ። «ታዲያ የራስህን ብትበላ ማን ይጠይቅሃል? ግራውን ቅመስ፤ ቀኙ ለክፉ ቀን ይቀመጥልህ።»

ጅብ የቁጠባ ምክር ደስ ይለዋል። ጉብታው ላይ ወጥቶ ግራ ጆሮዋን ቀነጠሰው።

«ኧረ ጆሮዬን!» ጮኸች አህያ።

«የገዛ ጆሮዬን በበላሁ አንቺ ምን አገባሽ?»

ተራው ሲደርስ አፉን ከፍቶ ቦዩ ውስጥ ተጋደመ። ጠብታ የለም። ማዶ ግን ቀበሮ ገላዋን ትታጠባለች። ጉሮሮው ሲሰነጠቅበት እያለቀሰ አንበሳ ዘንድ ለክስ ቀረበ።

«እኔ ሁለቱንም አቁሜያለሁ» አለች አህያ። «አንደኛው የት እንደቆመ አያ ጅቦ ያውቃሉ።»

«እኔ ያየሁትን ነው የከፈትኩት» አለች ጦጣ። «ቀኙ ብቻ ነው የታየኝ። የሌለ ጆሮ ከተኛ ጆሮ በምን ይለያል?»

አንበሳ እርጥብ ጢሙን ጠረገ፤ ግራው ጆሮ ከተበላ ወዲህ በሚዳቋ ተራ የሚቆም ስለሌለ የእሷም ውሃ ወደ እሱ ይመጣ ነበር። «ጆሮውን ማን በላው?»

«የራሴን ነው የበላሁት፣ ጌታዬ!»

«የራስህን ከበላህ ማንን ትከሳለህ?»

ሚዳቋ ሳትከስ አገር ለቀቀች። ጅቡ ግን በደረቀው ቦይ ተቀምጦ ሆዱን እያሻሸ፣ «ቁም እንጂ ጆሮዬ፣ ተራችን ደርሷል!» እያለ ይለምን ጀመር።

ዛሬም በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሆድ ውስጥ፣ አንድ ምልክት ተቀብሎ በሁለት «ጆሮ» እየታዘዘ ከአራት መንገድ ወደ አንዱ የሚሰድ ዲመልቲፕሌክሰር የሚባል ነገር አለ፤ ጅብ እንዳያገኘው በደንብ ተሸፍኗል።

ከዚህ የምንማረው፣ ውሃ የሚጠራልንን ጆሮ የእኛ ነው ብለን ከመብላታችን በፊት ቢያንስ ጠጥተን መጥገብ እንዳለብን ነው።