ቆጠራው ላይ የሚተርፈው ሰው

አንድ የመሥሪያ ቤት አለቃ ነበር፤ ፈለቀ ይባላል። በሥሩ ያሉት ሠራተኞች ድሮ ከአንድ ትሪ የሚበሉ ነበሩ። ከክረምት ወዲህ ግን አፋቸው ተለጎመ። ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ፤ ምሳቸውንም እየተሸሸጉ ይበሉ ጀመር። ሥራው ቆመ። የበላዮቹ አለቃውን ጠርተው፣ «እነዚህን ሰዎች አስማማ፤ አለዚያ ክፍሉን በትነን እያንዳንዱን ወደየአቅጣጫው እንልከዋለን» አሉት።

ፈለቀ ሰዎቹን ይወዳቸዋል። ስለዚህ ከቢሮ አውጥቶ ሐይቅ ዳር ሊያዝናናቸው ቆረጠ። ማቀዱንስ ማን ብሎት! አውቶቡስ ተከራየ፣ በግ አስገዛ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ አሠራ፣ የገመድ ጉተታ አዘጋጀ። ለሳቅ እንኳ ሰዓት መድቦለት ነበር።

እንግዳው ነገር የጀመረው ገና ሳይነሡ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሲቆጥር አንድ ተረፈው። ደግሞ ቢቆጥር ያው ሆነ። «ዕድሜ ነው» ብሎ ሳቀና ጉዞ ጀመሩ። መስኮት ሥር ባለች አንዲት ወንበር ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም፤ ቦታ ያጣው ሰው እንኳ ቆሞ መሄድን መረጠ።

ሲደርሱ ሐይቁን ጉም ሸፍኖታል። የወፍ ድምፅ እንኳ አይሰማም። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት እማማ ደብሪቱ የተባሉ አሮጊት ናቸው። ምሳ ሲቀርብ ፈለቀ ገበታውን አይቶ፣

«እማማ፣ አንድ ሰሃን በዝቷል» አላቸው።

«የት በዛ ልጄ? ያ ደጅ የቆመው ልጅ አይበላም እንዴ?»

«የቱ ልጅ?»

«አብሯችሁ ከአውቶቡስ የወረደው ነዋ! ሹራቡን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገው። ግባ ብለው ዝም አለኝ።»

ሁሉም ወደ ደጁ ዞሩ። ከጉም በቀር የሚታይ የለም። የአንዷ ብርጭቆ ከእጇ አመለጠ። ሹራቡን ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርግ የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም በክረምቱ መግቢያ ሞቷል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ማንም ስሙን አላነሣም። ፈለቀም ፊቱ ዐመድ መስሎ ሳለ፣ «በሉ፣ ወደ ጨዋታው!» አለ። ያቀደውን መተው አይሆንለትም።

ገመዱ ተዘረጋ። ሐይቁን በስተኋላው ያደረገው ወገን ደካማ ነበር። ጉልበተኞቹ ሳቡ፤ ገመዱ ንቅንቅ አላለም። ደግመው ሳቡ፤ እሱም በጀ አላለም። ከደካማው ወገን መጨረሻ የቆመው ሰው፣ «ከኋላዬ ማነው የሚጎትተው?» አለ። የገመዱ ጫፍ ከኋላው እንደ ተወጠረ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሁሉም ደንግጠው ለቀቁት። በጉሙ በኩል ያለው ጫፍ ግን መሬት አልወደቀም።

እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ።

«ከመካከላችሁ የሞተባችሁ አለ?»

«አለ» አለ ፈለቀ። «ዘርጋው።»

«ቀብሩ ላይ ነበራችሁ?»

«በጀት የሚዘጋበት ሰሞን ነበር፣ እማማ። ሥራው ይለቅና አብረን ሄደን ለቅሶ እንደርሳለን አልኳቸው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ በምን ዓይናችን...»

«እርማችሁን ሳታወጡ ለጨዋታ መጣችሁ?» አሉ አሮጊቷ። «ታዲያ እሱ ወዴት ይሂድ?»

ፈለቀ ያን ጊዜ ገባው። ሰዎቹ አልተጣሉም፤ ተፋፍረው ነው። አንዱ የሌላውን ፊት ባየ ቁጥር ያልደረሰውን ለቅሶ ያያል። ያስቀራቸው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

በጉ ሳይታረድ አውቶቡሱ ዞረ፤ በቀጥታም ወደ ዘርጋው እናት ቤት ሄደ። እናቲቱ አልተቆጡም። ግቢው ውስጥ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። «ዕድሩ ዕቃውን ሲሰበስብ ይህችን አልሰጥም አልኩ» አሏቸው። «የልጄ መሥሪያ ቤት ሲመጣ ምን ላይ ይቀመጣል ብዬ።»

ክረምቱን ሙሉ የታፈነው ለቅሶ ያን ጊዜ ፈነዳ። እየተቃቀፉ አነቡ። አጽናኟ እናት፣ ተጽናኞቹ እነሱ ሆኑ።

ለመመለስ ሲሳፈሩ ፈለቀ እንደ ልማዱ ሰው ቆጠረ። ልክ መጣለት። መስኮት ሥር ባለችው ወንበርም ሰው ተቀምጦባታል። ሌሎቹ ዕንባቸውን ጠርገው ሲጨርሱ፣ እሱ ቆጠራው ልክ በመሆኑ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ሰው የሸሸውን ሐዘን የትም ቢሄድ ይዞት ይሄዳል። ያልተላቀሱ ሰዎችም አብረው መሳቅ ያቅታቸዋል፤ ቦታው ቢያምር፣ በጉ ቢሰባ ለውጥ የለውም። እናንተም ባልደረቦቻችሁን ሰብስባችሁ ለጉዞ ስትነሡ፣ አውቶቡስ ከመከራየታችሁ በፊት ደጃፉን ያልረገጣችሁት ሰው እንዳለ ተጠያየቁ።

ለመሆኑ እናንተ ሰዎቻችሁን ስትቆጥሩ ልክ ይመጣል?